ለደንበኞቻችን፦ የጥይት መሙያ መሣሪያ የማንሠራበት ምክንያት

ይድረስ ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፤

ከክረምቱ ወዲህ ቶርኖ ቤታችን ውስጥ አንድ ዓይነት ጥያቄ በዝቶብናል። ስልክ ይወጣና ቪዲዮ ይከፈታል፤ አንድ ፈረንጅ ጋራዡ ውስጥ ተቀምጦ የተተኮሰ ቀለሃ መልሶ ይሞላል። ከዚያ "ይህችን ስታምፖ (የቀለሃ መጭመቂያ ቅርጽ) ቅረጹልኝ፤ ፕሬሷንም በብየዳ አትሠሩልኝም?" እንባላለን። ጠያቂዎቹ ክፉ ሐሳብ ያላቸው ሰዎች አይደሉም። አብዛኞቹ ከምንጃርና ከአርሲ የሚመጡ፣ ከአባታቸው የወረሱት ቤልጅግ ወይም ምንሽር ጠመንጃ ቤታቸው ያለ፣ ጥይቱ ግን የጠፋባቸው አባቶች ናቸው። "አንሠራም" ብለን ብቻ መሸኘታችን ቅር እንዳሰኛቸው ስላየን ምክንያቱን እንዲህ በጽሑፍ አቅርበናል።

ሕጉን እናስቀድም፤ አጭር ነው። በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ ጥይት ማምረት ክልክል ነው። ጠመንጃው ፈቃድ አለው ማለት ጥይቱን ቤት ውስጥ መሥራት ተፈቅዷል ማለት አይደለም። የእኛም ንግድ ፈቃድ ለመለዋወጫ እንጂ ለዚህ አይሆንም። አሜሪካ ውስጥ ግን አዳኞችና ኢላማ ተኳሾች ለራሳቸው መሙላታቸው የተፈቀደና የቆየ ልማድ ነው፤ ቪዲዮዎቹም የሚመጡት ከዚያ ነው።

ነገሩ በሕግ ብቻ ቢያልቅ ደብዳቤ ባላስፈለገ። የሙያም ጉዳይ አለበት።

ጥይት አራት ነገር ነው፦ ቀለሃ፣ ከግርጌው ተቀምጣ ባሩዱን የምታቀጣጥለው ካፕሱል፣ ባሩድና አረር። ከተኩስ በኋላ እጅ ላይ የሚቀረው ቀለሃው ብቻ ነው፤ እሱም በግፊቱ ተለጥጦ የጠመንጃውን የጥይት መክተቻ ልክ ይዟል። የስታምፖው ሥራ ያን የተለጠጠ ቀለሃ ጨምቆ ወደ ልኩ መመለስ ነው። ሲያዩት ቀላል ነው። ነገር ግን ትከሻው (ቀለሃው ወደ አፉ መጥበብ የሚጀምርበት ቦታ) ከሚገባው በላይ ወደ ኋላ ከተገፋ ቀለሃው በተተኮሰ ቁጥር ይረዝማል፣ ግርጌው አካባቢ ከውስጥ ይሳሳል፣ አንድ ቀን እዚያው ላይ ይበጠሳል። የሚያመልጠው እሳትና ጋዝ መውጫ የሚፈልገው ወደ ተኳሹ ፊት ነው። ስታምፖው ደግሞ ከተቀረጸ በኋላ በእሳት ይጠነክራል፤ ብረት ሲጠነክር ልኩ ትንሽም ቢሆን ስለሚዛነፍ ውስጡ እንደገና መታረም አለበት። የእኛ ቶርኖ የኢሱዙ ቡሺንግ አሳምሮ ይቀርጻል፤ የጠነከረ ብረትን ከውስጥ በመቶኛ ሚሊሜትር የሚያርም ማሽን ግን የለንም። ሳይኖረን "እንሞክረው" ማለት አንችልም።

የክላሽ ቀለሃ በኩንታል አለኝ ያሉንም አሉ። ማግኔት አስጠጉበት። የሚስበው ከሆነ ብረት ነው፤ አብዛኛው የክላሽ ቀለሃም እንዲሁ ነው። ናሱ፣ ማለትም 70 በመቶ መዳብና 30 በመቶ ዚንክ የሆነው፣ ተለጥጦ የመመለስ ባሕርይ ስላለው ደጋግሞ ይሞላል፤ ብረቱ ግን ለዚህ አይመችም። የካፕሱሏ አቀማመጥም ይለያል። ቦክሰር የሚባለው ዓይነት መሐሉ ላይ አንድ የእሳት ቀዳዳ ስላለው አሮጌዋን ካፕሱል በአንድ መርፌ ገፍቶ ማውጣት ይቻላል። በርዳን የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከመሐል ፈቀቅ ያሉ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ስላሉት ያ መርፌ አይሠራለትም፤ ከአሜሪካ ውጭ የተሠራ የወታደር ጥይት ብዙው ይህ ነው። (ሁለቱም በ1866 እ.ኤ.አ. የተመዘገቡ ፈጠራዎች ናቸው። ቦክሰር እንግሊዛዊ፣ በርዳን አሜሪካዊ ነበሩ፤ ዛሬ ግን አሜሪካኖቹ በእንግሊዛዊው፣ የምሥራቁ ሠራዊቶች በብዛት በአሜሪካዊው ይጠቀማሉ።)

ከሁሉ የሚያስፈራን ባሩዱ ነው። የክላሽ ጥይት ሲተኮስ የተፈቀደለት ከፍተኛ ግፊት 3,550 ባር ነው። የኢሱዙ ጎማችሁን የምታስነፉት በ7 ወይም በ8 ባር መሆኑን አስቡት። ይህን ግፊት የሚወስነው የባሩዱ መጠን ብቻ ሳይሆን ዓይነቱም ነው፤ የሽጉጥ ባሩድ ፈጥኖ ስለሚነድ በጠመንጃ ቀለሃ ልክ ቢሞላ መሣሪያውን ያፈነዳል። አንድ ወዳጃችን "የወርቅ ቤት ሚዛን አለኝ" ብለውን ነበር። ያ ሚዛን የሚያሳየው እስከ 0.01 ግራም ነው፤ ቪዲዮው ላይ ጥይት የሚሞሉት ሰዎች የሚመዝኑት ግን በአንድ አሥረኛ ግሬይን፣ ማለትም በ0.0065 ግራም ገደማ ነው። ተሳስቶ ሁለቴ መሙላት አለ፤ መሙላት ረስቶ ማለፍም አለ። ባሩድ የሌለውን ጥይት ካፕሱሏ ብቻዋን አረሩን አፈሙዝ ውስጥ ትወሽቀዋለች፤ ተኳሹ "ከሸፈ" ብሎ ሁለተኛውን ሲለቅ አፈሙዙ ይፈነዳል።

ውጅግራ ላላቸው አባቶች ለብቻው የምንለው አለ። ያ ጠመንጃ የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነው። ጭስ አልባው ባሩድ የመጣው በ1884 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ ሲሆን ግፊቱ ከጥቁሩ ይበልጣል። በዛሬ ባሩድ የተሞላ ጥይት ውጅግራ ውስጥ መግባት የለበትም፤ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ክብሩ ይበቃዋል።

ልጆቻችሁ በተፈቀደበት አገር ሆነው መጀመር ከፈለጉ ከቪዲዮ ሳይሆን ከባሩድና ከአረር አምራቾቹ የታተመ ሠንጠረዥ ይነሡ፤ ከዝቅተኛው መጠን ይጀምሩ፤ ጠረጴዛው ላይ ከአንድ ዓይነት በላይ ባሩድ አይኑር፤ አረር ከመግጠማቸው በፊት ሁሉንም ቀለሃ በባትሪ ብርሃን ከላይ ይዩ። የመጀመሪያ ጊዜያቸውንም ከሚያውቅ ሰው ጎን ይቀመጡ።

የቁርጥራጭ ናስ ግዥያችንንም ይመለከታል። ከአሁን ጀምሮ ቀለሃ የተቀላቀለበት ጆንያ አንረከብም። ያልተተኮሰ ጥይት ወይም ያልነደደች ካፕሱል መሐሉ ብትኖር ማቅለጫው ውስጥ ትፈነዳለች፤ ጆንያውን አንድ በአንድ የሚለቅም ሰው የለንም። እርሻ ስታርሱ ጥይት ካገኛችሁ ሳትቀጠቅጡ፣ ሳትፈቱ ለፖሊስ አስታውቁ።

የቧንቧና የቀጭን ዘንግ ቅርጻ፣ የፓምፕ ቡሺንግ፣ የወፍጮ መለዋወጫና የጋሪ አክስል እንደ ወትሮው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እንሠራለን። የተሰበረውን ዕቃ ራሱን ይዛችሁ ኑ፤ በፎቶ ልክ አንወስድም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የቶርኖ ቤቱ ባለቤቶች፣ አዳማ