ቅጠሉ መጨረሻ ላይ ይግባ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጆች፤

በምግብ አምዳችሁ እንቁላልና ወተት የሌለበት፣ ወፈር ያለና ለስላሳ የሰላጣ ሶስ ከአረንጓዴ ቅጠሎች ጋር በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚዘጋጅ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አነበብኩ። ሶስ በቤት ሲዘጋጅ የጨዉንና የዘይቱን መጠን የሚወስነው ተመጋቢው ራሱ ስለሆነ ጉዳዩ በጋዜጣ መነሣቱ ተገቢ ነው። ሆኖም ጽሑፉ ካሹ የተባለውን ለውዝ መሰል ፍሬ፣ ቅጠሉን፣ ሎሚውንና ዘይቱን በአንድ ጊዜ መፍጫው ውስጥ ጨምሮ ማሽኑን ማስነሣት በቂ እንደሆነ አድርጎ ስላቀረበው፣ የተረፈው ሶስ እንዴት እንደሚቀመጥም አንድም ቃል ስላልጠቀሰ፣ ይህን ማሟያ መጻፍ ግድ ሆኖብኛል። በእኔ እምነት የዚህን ሶስ መልካምነት የሚወስነው ከሁሉ በላይ የአገባቡ ቅደም ተከተል ነው።

አረንጓዴ የቅጠል ሶስ ቀድሞ በአብዛኛው የሚሠራው በማዮኔዝ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1923 በሳንፍራንሲስኮው ፓላስ ሆቴል ተዘጋጅቶ ስም ያተረፈው ግሪን ጎደስ የተባለው ሶስም መሠረቱ ማዮኔዝ ነው። በማዮኔዝ ውስጥ ዘይትና ውሃ ተዋሕደው የሚቆዩት በእንቁላሉ አስኳል ውስጥ ሌሲቲን የተባለ ንጥረ ነገር ስላለ ነው። የሌሲቲን አንዱ ጫፍ ከውሃ፣ ሌላው ጫፍ ከዘይት ጋር ስለሚስማማ ጥቃቅኑን የዘይት ጠብታ ከብቦ እርስ በርሱ እንዳይገጣጠም ይከላከላል። እንቁላሉ ሲቀር ይህን ሥራ የሚተካ ነገር ካልገባ ሶሱ ገበታ ላይ ሳይደርስ ይለያያል።

ካሹ ይህን ቦታ በሚገባ ይሸፍናል። ከ100 ግራም ካሹ ውስጥ 44 ግራም ያህሉ ስብ፣ 18 ግራም ያህሉ ፕሮቲን ሲሆን፣ ያለው ስታርችም ሶሱን ለማወፈር ይረዳል። ያልተቆላና ጨው ያልነካው 140 ግራም ካሹ ቢያንስ ለ4 ሰዓት በውሃ ይዘፈዘፋል፤ ጊዜ ያጠረው ሰው 15 ደቂቃ ቢቀቅለውም ይሆናል። ከዚያም የተዘፈዘፈበት ውሃ ተደፍቶ፣ ፍሬው ከ120 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውሃና ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጋር ብቻ ይፈጫል። ሌላው ሁሉ ይቆይ የምለው ፈሳሽ ሲበዛ ስብርባሪው ከምላጩ እየሸሸ ስለሚንሳፈፍና ሶሱ ሻካራ ሆኖ ስለሚቀር ነው። ማሽኑን እያቆሙ ከጎን የተጣበቀውን በማንኪያ እየመለሱ፣ በሁለት ጣት መካከል ሲታሽ ምንም የማይቆረቁር እስኪሆን ድረስ መታገሥ ይገባል። ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው፤ በኋላ የሚጨመረው ዘይትም ሆነ ሎሚ ደግሞ ይህን ጉድለት አያርመውም።

ቀጥሎ 2 የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂና 1 የሻይ ማንኪያ የተዘጋጀ ሰናፍጭ ይገባል፤ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይትም ማሽኑ እየሠራ በቀጭኑ ይንቆረቆርበታል። ሰናፍጭ ለጣዕም ብቻ የገባ ይመስላል እንጂ የፍሬው ልባስ ውሃ ሲያገኝ የሚያሙለጨልጭ ነገር ስለሚያወጣ ዘይቱን በውሃው ውስጥ በትኖ ለመያዝ ያግዛል። ዘይቱን መተው የሚፈልግ ሰው ቢተወው ካሹው የራሱ ስብ አለው። ስብ ጨርሶ የሌለበት ሶስ ግን አልመክርም፤ በአረንጓዴ ቅጠል ውስጥ ያሉት ካሮቲኖይድ የተባሉ ቀለም ሰጪ ንጥረ ነገሮችና ቫይታሚን ኬ በሰውነት በሚገባ የሚዋጡት ከስብ ጋር ሲበሉ ነውና።

ለካሹ አለርጂ ያለበት ሰው በዚያው አሠራር የሱፍ አበባ ፍሬ መጠቀም ይችላል፤ ጣዕሙ ትንሽ መረር ስለሚል ሎሚውን ጨመር ማድረግ ነው። በታሂኒ፣ ማለትም በተፈጨ ሰሊጥ፣ የሚሠራ ሰው ደግሞ ሎሚው እንደገባ ሶሱ ድንገት ቢጠጥርበት ተበላሸ ብሎ አይድፋው፤ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ ሲጨመርበት ተመልሶ ይላላል።

አሁን ወደ ቅጠሉ ልመለስ፤ ደብዳቤውን ያስጻፈኝም በዋናነት እርሱ ነው። ፐርስሊ፣ እንስላል፣ የድንብላል ቅጠል፣ በሶብላ ወይም የሽንኩርት ቅጠል፣ የተመረጠው የትኛውም ቢሆን፣ አረንጓዴ ቀለሙን የሚሰጠው ክሎሮፊል በመካከሉ ማግኒዝየም ይዟል። አሲድ ሲያገኘው ማግኒዝየሙ ይወጣና ቀለሙ ቀስ በቀስ ወደ ደብዛዛ ቡናማ አረንጓዴ ይለወጣል፤ ሙቀት ደግሞ ይህን ያፋጥነዋል። መፍጫ ማሽን ለረጅም ጊዜ ሲሠራ ውስጡ ያለውን ሁሉ ስለሚያሞቅ፣ ቅጠሉን ከካሹው ጋር ከመጀመሪያው መፍጨት ቀለሙንም መዓዛውንም ይጎዳል። ስለዚህ ታጥቦ በሚገባ የደረቀ 30 ግራም ያህል ቅጠል መጨረሻ ላይ ገብቶ፣ ማሽኑ ለአፍታ እየተነሣ እየቆመ ብቻ ይፈጭ። ቅጠሉን ለ15 ሰከንድ በፈላ ውሃ ነክሮ ወዲያው በበረዶ ውሃ ማቀዝቀዝ የሚያጠቁሩትን ኢንዛይሞች ስለሚገታ ቀለሙን ያደምቀዋል፤ ከመዓዛው ግን ይቀንሳል። እኔ የምመርጠው ሌላ መንገድ ነው፤ ነጩን ሶስ ከነሎሚው አዘጋጅቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማኖርና ለዕለቱ የሚበቃውን እያወጡ ትኩስ ቅጠል መጨመር።

ነጭ ሽንኩርት የሚጨምር ሰው አንድ ፍሬ ይበቃዋል። ሎሚው ውስጥ ሆኖ ቢወቀጥ የሚያቃጥለውን ጣዕም የሚፈጥረው ኢንዛይም በአሲዱ ስለሚዳከም ለዘብ ይላል። ጣዕሙ ሲለካም በማንኪያ ሳይሆን የሰላጣ ቅጠል ነክሮ መቅመስ ይሻላል፤ ለብቻው ሲቀመስ ጨውና ሎሚው ትንሽ የበዛ የሚመስል ሶስ ከቅጠል ጋር ልክ ሆኖ ይገኛልና።

የአቀማመጡ ጉዳይ ከጣዕም በላይ ነው። ነጭ ሽንኩርትና ቅጠላ ቅጠል ከአፈር ጋር ስለሚነካኩ ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የተባለውን ባክቴሪያ ሊይዙ ይችላሉ። ይህ ባክቴሪያ አየር በማያገኝበትና አሲድ ባነሰበት ቦታ፣ በተለይም ዘይት ውስጥ ተነክሮ ከማቀዝቀዣ ውጭ ሲቀመጥ፣ ገዳይ መርዝ ሊያመርት ይችላል፤ መርዙም በጠረንም ሆነ በጣዕም ላይታወቅ ይችላል። በመሆኑም ሶሱ ተከድኖ ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በማይበልጥ ቅዝቃዜ ይቀመጥ፣ በ4 ቀን ውስጥም ይበላ፤ ከ2 ሰዓት በላይ ገበታ ላይ የቆየው ይደፋ። ይህን ማሳሰቢያ በሚቀጥለው እትማችሁ ከአሠራሩ ጋር አብራችሁ እንድታወጡልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የምግብ አምዳችሁ አንባቢ