ሳትለካ አረንጓዴ የተባለችው እናቴ

ለሆስፒታሉ ሜዲካል ዳይሬክተር

ጉዳዩ፦ በድንገተኛ ክፍል ትሪያጅ (ቀድሞ መታየት ያለበት በሽተኛ የሚለይበት ቦታ) ላይ ስለተፈጸመ ስህተት ቅሬታ ስለማቅረብ

ባለፈው ማክሰኞ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ እናቴን ይዤ ወደ ድንገተኛ ክፍላችሁ መጣሁ። 63 ዓመቷ ነው። ስኳር ከያዛት 14 ዓመት ሆኗታል። እራት ከበላች በኋላ ጨጓራዋ አካባቢ ጨምድዶ ያዛት። አስመለሳት፤ ነጠላዋ እስኪርስ ድረስ አላባት። ከታክሲው ደግፌ ነው ያወረድኳት።

ትሪያጅ ላይ የነበረችው ሲስተር “እማማ፣ የት ጋ ነው የሚያምዎት?” አለቻት። እናቴ ሆዷን አሳየቻት። ሲስተር “ጨጓራ ነው፣ አይዞዎት” ብላ ወረቀቱ ላይ አረንጓዴ ጻፈች። ስኳር እንዳለባት ነግሬያታለሁ። የግፊት መለኪያው ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ማንም አልነካውም። የልብ ምቷ አልተቆጠረም። ጣቷ ተወግቶ ስኳሯ አልታየም። ሁሉም ነገር በሁለት ደቂቃ አለቀ።

አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ፊት ለፊታችን የትሪያጁ ሰንጠረዥ ተለጥፏል፤ በቃሌ እስክይዘው አነበብኩት። ቀይ ወዲያው ይታያል። ብርቱካናማ በ10 ደቂቃ፣ ቢጫ በ1 ሰዓት፣ አረንጓዴ በ4 ሰዓት ውስጥ። ቀለሙ የሚወጣው ደግሞ ከነጥብ ነው፦ በሽተኛው በእግሩ መጣ ወይስ ተደግፎ፣ በደቂቃ ስንት ጊዜ ይተነፍሳል፣ የልብ ምቱ፣ የላይኛው ግፊቱ፣ ሙቀቱ፣ ንቃቱ፣ አደጋ ደርሶበታል ወይ። ከእነዚህ ውስጥ ለእናቴ አንዱም አልተሞላም።

አንድ ነገር ግልጽ ይሁንልኝ። ከእኛ በኋላ ሞተር የገጨው ልጅ መጥቶ በቀጥታ ገባ። አንዳንድ አስታማሚዎች “ወረፋ የለም እንዴ?” ብለው ጮኹ። እኔ አልጮህኩም። ልጁ መቅደም ነበረበት። ድንገተኛ ክፍል የሚቀድመው የባሰበት ሰው እንጂ ቀድሞ የመጣ አይደለም፤ ይሄ ገብቶኛል። ቅሬታዬ ስለተቀደምን አይደለም። ማን እንደባሰበት ሳይለካ ስለተወሰነ ነው።

ሁለት ጊዜ ሄጄ “እናቴ እየባሰባት ነው” አልኩ። ሁለቱንም ጊዜ ያገኘሁት መልስ “አረንጓዴ ናት፣ ይጠብቁ” የሚል ነበር። ማንም ቀና ብሎ አላያትም።

5 ሰዓት ከ40 ላይ ሌላ ሲስተር በአጠገባችን ስታልፍ የእናቴን ፊት አይታ ቆመች። እጇን ያዘቻት። እዚያው ወንበሩ ላይ ለካቻት። የልብ ምት 124፣ ትንፋሽ 28፣ የላይኛው ግፊት 92። ተደግፋ መምጣቷ ሲጨመር ነጥቧ 6 ሆነ። ብርቱካናማ። በ10 ደቂቃ መታየት የነበረባት ሰው ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ወንበር ላይ ነበረች። ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) ሲነሳ ጨጓራ ሳይሆን የልብ ድንገተኛ ጥቃት መሆኑ ታወቀ። ዶክተሩ እንዳስረዳኝ፣ ስኳር በቆየበት ሰው ላይ ይሄ ሕመም ደረትን ሳያም ሊመጣ ይችላል። ጨጓራ ይመስላል።

የመጀመሪያዋ ሲስተር እንድትቀጣ አልጠይቅም። ያን ሁሉ ሰው ብቻዋን ነበር የምትቀበለው። ጥያቄዬ ለእናንተ ለኃላፊዎቹ ነው። በማታ ፈረቃ ትሪያጅ ላይ ቢያንስ ሁለት ነርስ መድቡ። ልኬቱ ሳይሞላ ቀለም አይሰጥ። የሚጠብቁት ሰዎች በየተወሰነ ጊዜ እንደገና ይለኩ፤ በሽታ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። አስታማሚ “ባሰባት” ሲል ደግሞ አንድ ሰው ተነስቶ ይያት። ስኳር ያለበት ሰው ከእምብርቱ በላይ ሲያመውና ሲያልበው፣ ጨጓራ ከመባሉ በፊት ኢሲጂ ይነሳለት።

ቆማ ለለካቻት ሲስተር ምስጋናዬን አድርሱልኝ። ስሟን ሳልጠይቃት ሄደች፤ የዚያን ምሽት የፈረቃ መዝገብ ላይ ታገኟታላችሁ። እናቴ አሁን ቤት ናት፤ ክትትሏን ቀጥላለች።

የትሪያጅ ወረቀቷን ቅጂ አያይዣለሁ። የልኬቱ ቦታ ባዶ ነው። ምን እንደምታስተካክሉ በጽሑፍ እንድትመልሱልኝ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የታካሚዋ ልጅ