ባትሪዬን የበላው ዘበኛ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ባለፈው እትማችሁ ዳሽ ካም (መስታወት ላይ ተለጥፎ መንገዱን የሚቀርጽ ካሜራ) ስለመግጠም የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ካሜራ አመራረጡ ላይ ጥሩ ብሏል። ሽቦው ላይ ሲደርስ ግን «ፊውዝ ቦክሱ ውስጥ የሚመች ፊውዝ ፈልጎ ማገናኘት ነው» ብሎ በአንድ መስመር አለፈው። ጉዱ ያለው እኮ እዚያች መስመር ውስጥ ነው። እኔ ፒክአፔ ላይ ልክ እንደዚያ አስደርጌ በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ሰኞ ጠዋት መኪናዬን ያስነሳሁት በሰው ባትሪ ነው።

ካሜራውን ስገዛው አብሮት የመጣው ሲጋራ መለኮሻ ላይ የሚሰካ ገመድ ነበር። ሰካሁት፣ ሠራ። ግን ገመዱ ከመስታወቱ ተንጠልጥሎ ማርሹ ላይ ይተኛል፣ ማርሽ በቀየርኩ ቁጥር እጄ ይጠለፋል። ይባስ ብሎ ቁልፉን ስነቅል ካሜራውም አብሮ ይጠፋል። እኔ ደግሞ ካሜራውን የፈለግሁት መኪናው ቆሞ እኔ ለሌለሁበት ሰዓት ነው፤ ሁለት ጊዜ ገጭተውብኝ የሄዱት እንደቆመ ነውና።

ስለዚህ በቀጥታ ከመኪናው ኤሌክትሪክ ጋር ይገናኝልኝ ብዬ አንድ ባለሙያ ጋ ሄድኩ። ክሩስኮቱ ስር ገባ፣ አንድ ሽቦ መረጠ፣ በቢላ ላጠው፣ 12 ቮልቱን ወደ 5 የምታወርደውን ትንሽ ሳጥን ሽቦ ጠመዘዘበትና በናስትሮ ጠቀለለው። ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም። ካሜራው በራ። ያ ሽቦ የምን እንደሆነ እኔም አልጠየቅሁ፣ እሱም አልነገረኝ።

ዓርብ ማታ አቆምኩት። ሰኞ ጠዋት ቁልፉን ሳዞር ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ አልዞር አለ። ባትሪው አራት ዓመቱ ስለነበር እሱን ጠረጠርኩ። አስፈተሽኩት፣ ቻርጅ ተደረገ፣ «ደህና ነው» ተባልኩ። በሚቀጥለው ሰኞ ያው። አሁን ደግሞ ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞ ጠረጠርኩ። ሞተሩ እየሠራ ሲለካ 14.2 ቮልት፣ ምንም የለበትም። ሦስተኛው ሰኞም አለፈ። ነገሩ የገባኝ ከዚያ በኋላ ባለ አንድ እሑድ ነው፤ ከጋቢናው ዕቃ ላወጣ ገብቼ እጄ ካሜራውን ነካው። ቁልፉ ከዓርብ ጀምሮ ቤት ውስጥ ተሰቅሏል፣ ካሜራው ግን ትኩሳት እንደያዘው ልጅ ግንባር ሞቋል።

ከዚያ በኋላ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። በቆመ መኪና ላይ የሚቀርጽ ካሜራ እንደየዓይነቱ ይለያያል፣ የእኔው ከባትሪው 300 ሚሊአምፔር አካባቢ ይወስዳል። ትንሽ ትመስላለች። በ24 ሰዓት ግን ከ7 አምፔር-ሰዓት በላይ ነች፣ ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት ባለው 60 ሰዓት ደግሞ 18። ባትሪው ላይ 70 አምፔር-ሰዓት ተብሎ ተጽፏል፤ አራት ዓመት የሠራ ባትሪ ግን የተጻፈበትን ያህል አይዝም። ናፍጣ ሞተር ደግሞ ጭመቃው ከባድ ስለሆነ ሞተሪኖው ሲነሳ ብዙ ይጠይቃል። ግማሽ የደረሰ አሮጌ ባትሪ መብራት ያበራል፣ ሬዲዮ ያዘፍናል፣ ሞተር ግን አያስነሳም። መኪናውን እንዲጠብቅ የቀጠርኩት ዘበኛ ቀለቡን ከመኪናው ሆድ ሲበላ ነበር ማለት ነው።

ሁሉንም ነቅዬ እንደገና ራሴ ገጠምኩት። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ባለ ሦስት ሽቦ መሣሪያ አለ፣ ለካሜራችሁ ዓይነት የሚሆነውን መያዝ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥቁሩ ማሳ ነው (ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረው)፣ ቢጫው ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ካለበት ፊውዝ ይገናኛል፣ ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ከሚነቃው። ቀለሙን ግን በዓይን አትመኑ፣ አብሮ የሚመጣውን ወረቀት እዩ። ካሜራው «መኪናው ቆሟል» ብሎ ወደ ጥበቃ የሚዞረው በቀዩ ሽቦ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ቋጥሮ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ያለበት ፊውዝ ላይ የሚያገናኝ አለ፤ ካሜራው ያን ጊዜ መኪናው ቆሞም እየነዳችሁ ይመስለዋል፣ ሌሊቱን ሙሉ ዝም ብሎ ይቀርጻል።

የዚህ መሣሪያ ዋናው ጥቅሙ ባትሪው ወደተወሰነ ቮልት ሲወርድ ካሜራውን መቁረጡ ነው። ያረፈ ጤነኛ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሙሉ ሲሆን 12.6 አካባቢ ያነባል፣ ግማሽ ሲደርስ 12.2 አካባቢ፣ 11.8 ላይ ባዶ ነው በሉት። የእኔው መሣሪያ ላይ 11.8፣ 12.0 እና 12.2 የሚል ማዞሪያ አለ። ከሳጥኑ የወጣው 11.8 ላይ ሆኖ ነው። እንደዚያው ብተወው ባትሪው ከሞተ በኋላ መርዶ ነጋሪ ነበር የሚሆነኝ። 12.2 ላይ አደረግሁት። ካሜራው ቀድሞ ይተኛል፣ ይተኛ፤ ሰኞ የምሄድበት አለኝ።

አሁን ፊውዙ። ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ሳይዙ ፊውዝ ቦክስ አይከፈትም። የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ ብረት ላይ፣ ቀዩን ፊውዙ ላይ አድርጎ፣ ቁልፉ ጠፍቶ አንድ ጊዜ፣ ሬዲዮ በሚሠራበት ደረጃ አንድ ጊዜ፣ ሞተር ተነስቶ አንድ ጊዜ መለካት ነው። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ያውቀዋል። ወጥመዱ ግን የዛሬ መኪና ቁልፍ ስለተነቀለ ብቻ ወዲያው አለመተኛቱ ነው። በር ክፍት ከሆነ ደግሞ ብዙው ጭራሽ አይተኛም። ስለዚህ በሩን ከፍተህ፣ አንገትህን ክሩስኮቱ ስር ቀርቅረህ ስትለካ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ያለበት የሚመስልህ ፊውዝ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ይሞታል። እኔ ቢጫውን መጀመሪያ ያገናኘሁት ከጋቢናው መብራት ፊውዝ ጋር ነበር፤ 12.5 ቮልት ቁልጭ አድርጎ አሳየኝ። ማታ ወጥቼ ባየው ካሜራው ጠፍቷል። ለካ መኪናው ራሱ፣ ሰው መብራት ረስቶ ባትሪ እንዳይጨርስበት ብሎ ያንን መስመር ከደቂቃዎች በኋላ ይዘጋዋል። ጎበዝ መኪና!

መፍትሔው መኪናውን ማታለል ነው። በሩ እንደተከፈተ መቆለፊያውን በካቻቢቴ ጫን ሲሉት ጠቅ ብሎ ይዘጋል፣ መኪናው በሩ የተዘጋ ይመስለዋል። ግማሽ ሰዓት ጠብቆ ያኔ መለካት። የአደጋ ጊዜ መብራቱ ፊውዝ እኔ ጋ ከዚያም በኋላ አልሞተም፣ ቢጫውን እዚያ አገናኘሁት። ቀዩን ደግሞ ሬዲዮው ላይ። የሌላ ሰው መኪና ሌላ ነው፣ የእኔን አትቅዱ፣ ለኩ። የኤርባግ፣ የኤቢኤስ (የፍሬኑ) እና የሞተሩን ኮምፒውተር ፊውዝ ግን በየትኛውም መኪና ላይ አትንኩ። (መቆለፊያውን አታለላችሁት? በሩን ከመዝጋታችሁ በፊት እጀታውን ስባችሁ መልሳችሁ ክፈቱት። እኔ ረስቼ በሩን ወረወርኩት፣ ብረት ከብረት ሲላተም ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።)

ሽቦ መላጥና ናስትሮ የሚባል ነገር አያስፈልግም። ፊውዙ ቦታ ላይ የሚሰካ ባለ ሁለት ጎጆ መሰኪያ አለ፤ አንዱ ጎጆ የመኪናውን የድሮ ፊውዝ ይይዛል፣ ሌላው የካሜራውን። ሲገዛ የፊውዙን መጠን አይቶ ነው፣ ሚኒ አለ፣ አጭር ሚኒ አለ፣ ማይክሮ አለ፤ ዓይን ላይ ይመሳሰላሉ፣ አንዱ የአንዱ ቦታ አይገባም። ደግሞ አቅጣጫ አለው፣ ይህንን ብዙ ሰው አያውቅም። ፊውዙን ነቅላችሁ ሁለቱን ቀዳዳዎች ለኩ፣ አንዱ ብቻ ነው 12 ቮልት የሚያሳየው። የመሰኪያው የጋራ እግር (ለሁለቱም ጎጆ ኤሌክትሪክ የሚያደርሰው) እዚያ መግባት አለበት። ቢገለበጥም ካሜራው ይሠራል፣ ክፋቱም ይሄው ነው፤ የካሜራው ጭነት በመኪናው የድሮ ፊውዝ በኩል ማለፍ ይጀምራል። ለካሜራው 2 ወይም 3 አምፔር ፊውዝ በቂ ነው። «እንዳይቃጠልብህ 15 አድርግበት» የሚል ጓደኛ አለኝ። ፊውዙ የተቀመጠው ቀድሞ እንዲቃጠል ነው! እሱ እምቢ ካለ የሚቃጠለው ሽቦው ነው።

ማሳው ቀላል ይመስላል። ቅርብ ያገኘሁትን ቡሎን ፈትቼ አሰርኩት፣ ካሜራው ጉድጓድ በገባሁ ቁጥር እየጠፋ ይነሳል። ቡሎኑ ለካ የያዘው ፕላስቲክ ነበር፣ ከስሩ ያለው ብረትም ቀለም የተቀባ ነው። ከመኪናው አካል ጋር በቀጥታ የታሰረ፣ ቀለሙ የተፋቀ ቦታ ስፈልግለት ነገሩ በአምስት ደቂቃ ተፈታ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የማስበው ግን የፊት መስታወቱ ምሰሶ ላይ ስላለው ኤርባግ ነው። ሽቦው ከካሜራው ተነስቶ በጣሪያው ጨርቅ ጠርዝ ይሄድና ከፊት መስታወቱ ጎን ባለው ምሰሶ ይወርዳል። ብዙ መኪኖች ላይ ከዚያ ምሰሶ ሽፋን ስር የመጋረጃ ኤርባግ ተጣጥፎ ተኝቷል። ሽቦውን በጣት ገፋ ገፋ አድርጎ ከሽፋኑ ጠርዝ ስር መወሸቅ ይቻላል፣ ሥራውም ያምራል። ግን ኤርባጉ በሚፈነዳ ቀን ከፊቱ ያገኘውን ሁሉ ይዞ ነው የሚወጣው። ሽፋኑን በወግ አውልቆ፣ ሽቦውን ከኤርባጉ በስተጀርባ አሳልፎ፣ እዚያው ካለው የመኪናው ሽቦ ጋር ማሰር ነው ትክክሉ። ቢጫ መሰኪያ ካያችሁ ብዙ ጊዜ የኤርባግ ነው፣ አትነካኩት። ይህን ለመሥራት እጁ የማይደፍር ሰው ለባለሙያ ይስጠው፣ ግን ቆሞ ይይ። «በየት በኩል አሳለፍከው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

የኋላ ካሜራ ላይ ደግሞ ጽሑፋችሁ ፒክአፕን ጭራሽ ረስቶታል። የቤት መኪና ላይ ሽቦው በጣሪያው ሄዶ የኋላ መስታወት ላይ ያርፋል፣ በቃ። እኛ ጋቢናው ያልቃል፣ ከዚያ ካሶኒ ነው። ካሜራውን የኋላ ስፖንዳ ላይ ካደረጋችሁት እይታው ግሩም ነው፣ ግን ስፖንዳው በተከፈተ በተዘጋ ቁጥር ሽቦው ይታጠፋል፣ አቧራና ውሃም አለ፣ ከስር ሲያልፍም ከጭስ ማውጫው መራቅ አለበት። ጋቢና ውስጥ የኋላ መስታወቱ ላይ ካደረጋችሁት ደግሞ ከፍ ያለ ጭነት ስትጭኑ የሚቀርጸው ጭነቱን ነው። እኔ ብዙ ጊዜ ባዶ ስለምነዳ ሁለተኛውን መረጥኩ። መስታወታችሁ ተንሸራታች ከሆነ የማይንቀሳቀሰው ክፍል ላይ ለጥፉት።

ስለ ማጣበቂያው ጽሑፋችሁ ያለው ልክ ነው፣ መስታወቱን በአልኮል መጥረግ፣ ከስፔኪዮው ጀርባ፣ መጥረጊያው የሚደርስበት ቦታ። ባለ 24 ቮልት ከባድ መኪና ያላችሁ ደግሞ መሣሪያው 24 እንደሚችል ሳታዩ እንዳትሰኩ።

እንግዲህ ውድ አዘጋጅ፣ ጥያቄዬ ትንሽ ነው። ያቺን «የሚመች ፊውዝ» የምትል መስመር አርሟት። ቴስተር የሚለውን ቃል ብቻ ብትጨምሩባት እንኳ ስንት ሰው ከሰኞ ጠዋት ይድናል። እኔ ባለፈው ዓርብ ማታ ባትሪዬን ስለካው 12.6 ነበር። እሑድ ከሰዓት ካሜራው ተቆርጦ ተኝቶ አገኘሁት፣ ለካሁት፣ 12.2። ሰኞ መኪናው በአንድ ቁልፍ ተነሳ። የመኪናዬ በር መቆለፊያ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ሁለት ጊዜ ካልወረወሩት አይዘጋም።

አንድ የፒክአፕ ባለቤት