ለጋራ ጂማችን የስኳት ራክ ለማሟላት የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

በአባላት መዋጮ በሚተዳደረው የጋራ ጂማችን ዛሬ የሚገኙት ዕቃዎች አንድ ባርቤል (ክብደት የሚገባበት ረጅም ብረት)፣ ጥቂት ፕሌቶች (በባርቤሉ ጫፎች የሚገቡ ክብ ክብደቶች)፣ የተወሰኑ ዳምቤሎች (በአንድ እጅ የሚያዙ አጫጭር ክብደቶች) እና አንድ አግዳሚ ወንበር ናቸው። በእነዚህ ብዙ ነገር መሥራት ይቻላል፤ ደረቱን፣ ጀርባውንና ትከሻውን የሚያሠራ አባል ዕቃ ጎደለብኝ ብሎ ሲያማርር እምብዛም አይሰማም። ወደ እግር ሲመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ባርቤሉን በደረት ከፍታ ይዞ የሚያቆይ፣ መነሣት ሲያቅትም ከታች የሚቀበል ራክ ስለሌለን ከባድ ስኳት፣ ማለትም ክብደት ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሣት፣ መሥራት አልቻልንም። ይህ ጥሪ የቀረበው ይህንኑ አንድ ዕቃ ለማሟላት ነው።

የጎደለን ክብደት የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ባርቤላችን ባዶውን 20 ኪሎ ነው፤ በግራና በቀኝ አንዳንድ ባለ 20 ኪሎ ፕሌት ሲገባበት 60 ኪሎ ይሆናል፤ ይህም በትጋት ሲሠራ ለቆየ ጤነኛ ሰው እግር የሚያስፈራ ሸክም አይደለም። ነገር ግን ራክ በሌለበት ይህን ክብደት ጀርባ ላይ ለማድረስ መጀመሪያ ከወለል ወደ ደረት መሳብ፣ ከዚያም ከራስ በላይ ገፍቶ ወደ ኋላ ማውረድ ያስፈልጋል። ስለዚህ እግር የሚሸከመው ክንድና ትከሻ የፈቀዱለትን ያህል ብቻ ይሆናል፤ ሥራው ሲያበቃም ባርቤሉ በዚያው መንገድ መመለስ አለበት፣ ያውም በደከመ ጉልበት። ሁለት ሰዎች ከግራና ከቀኝ አንሥተው ትከሻ ላይ ቢያስቀምጡትስ የሚል ሐሳብ በየጊዜው ይነሣል፤ አንደኛው ቀድሞ በለቀቀ ቁጥር ግን ባርቤሉ ወደ አንድ ወገን አዘንብሎ የተሸካሚውን ወገብ ስለሚጠመዝዝ ይህ አሠራር በጂማችን አይፈቀድም። ሣጥን ደራርቦ ባርቤሉን እላዩ ላይ ማስቀመጥም ከእጅ አይሻል ዶማ ነው፤ ብረቱ ይንከባለላል፣ ሣጥኑም ይንሸራተታል።

እስከዚያው እጃችንን አጣጥፈን አልተቀመጥንም። ዳምቤልን በሁለት መዳፍ ደግፎ ደረት ላይ አስጠግቶ የሚሠራው ጎብሌት ስኳት፣ ክብደቱ ከፊት ስለሚሆን ደረት ቀና እንዲል ይረዳል፤ ለጀማሪ አወራረድን ለማስተማር ከዚህ የተሻለ አላገኘንም። ሆኖም ክብደቱ ከፍ ሲል እግር ገና ሳይደክም ክንድና የላይኛው ጀርባ እጅ ይሰጣሉ። የኋላ እግርን አግዳሚው ላይ አሳርፎ በፊተኛው እግር ብቻ መውረድ፣ ሲወርዱም እስከ 5 ሰከንድ መቁጠርና ከታች ለአፍታ መቆም፣ በቀላል ዳምቤል እንኳ ጭንን ያቃጥላል። እነዚህን ራክ ከመጣም በኋላ አንተዋቸውም። ባርቤሉን በክርን እጥፋት ታቅፎ የሚሠራው ዘርቸር ስኳትም አለ፤ የክንዱን ሕመም የሚችል ይሞክረው። ጀርመናዊው ጉልበተኛ ሄንሪ ስታይንቦርንማ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ባርቤሉን በአንድ ጫፉ አቁሞ፣ ከሥሩ ገብቶ በጀርባው እየተቀበለ ያለ ራክ ስኳት ይሠራ ነበር፤ ይህን ግን ለማንም አባል አንመክርም።

የራክ ዋና ጥቅም ባርቤል መስቀሉ ብቻ አይደለም። ሁለቱ የደኅንነት ብረቶች ሰውየው እስከ መጨረሻው ሲወርድ ባርቤሉ ከሚደርስበት ከፍታ ትንሽ ዝቅ ተደርገው ይገጠማሉ፤ መነሣት ያቃተው ሰው ጥቂት ጨምሮ ቁጢጥ ሲል ባርቤሉ እነርሱ ላይ ያርፍና ከሥሩ መውጣት ይችላል። በዚህ መልኩ ብቻውን የሚሠራ አባል እንኳ የሚከብደውን ክብደት ያለ ሥጋት ይሞክራል፤ አጭሩም ረጅሙም ማንጠልጠያውን እንደየቁመቱ እያስተካከለ ይጠቀማል።

ስለሆነም በገንዘብ፣ ያገለገለ ነገር ግን ያልተጣመመ ራክ በመስጠት፣ ወይም በብየዳ ሙያ እንድትተባበሩን በአክብሮት እንጠይቃለን። ራኩን በብየዳ ለመሥራት ፈቃደኛ የሆናችሁ ባለሙያዎች አንድ ልኬት እንድታስቡልን ያስፈልጋል፦ በ2.2 ሜትሩ ባርቤል ላይ ፕሌት በሚገባባቸው በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ርቀት 131 ሴንቲሜትር ስለሆነ የራኩ ውጫዊ ስፋት 120 ሴንቲሜትር ገደማ መሆን አለበት፤ ካልሆነ ፕሌቶቹ ከቋሚዎቹ ጋር ይጋጫሉ። የደኅንነት ብረቶቹ የሚገቡባቸው ቀዳዳዎችም ተቀራራቢ ቢሆኑ እንመርጣለን፤ ቀዳዳዎቹ ከተራራቁ ብረቱ ለአንዱ ከፍ፣ ለሌላው ዝቅ ይልበታል። ባርቤሉ በሐዲድ ላይ የሚንሸራተትበትን ማሽንና የመሮጫ ማሽንን ግን፣ የሰጪውን ቅንነት እያመሰገንን፣ በቦታ ጥበት ምክንያት ለጊዜው አንቀበልም።

ለእያንዳንዱ የገንዘብ ድጋፍ ደረሰኝ ይሰጣል፤ ገቢና ወጪውም በጂሙ ሰሌዳ ላይ በየወሩ ይለጠፋል። ከራኩ የሚተርፍ ገንዘብ ካለ ለወለል ጎማና ለባለ 1.25 ኪሎ ፕሌቶች ይውላል፤ ያለ እነርሱ ክብደትን በጥቂት በጥቂቱ መጨመር አይቻልምና። ፕሌት ለመስጠት ያሰባችሁ ደግሞ ከማምጣታችሁ በፊት ቀዳዳውን ለኩልን፤ የእኛ ባርቤል ጫፍ 50 ሚሊሜትር ስለሆነ ለቀጭን ባርቤል የተሠሩት ፕሌቶች አይገቡበትም።