የምስጋና መልእክት፦ ለቀድሞ የካዛንቺስ ጎረቤቶቻችንና ለእድራችን አባላት

ወላጅ እናቴ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ከዚህ ዓለም በሞት በተለዩ ጊዜ፣ ከቀብሩ እስከ ሰልስቱ ከጎኔ ላልተለያችሁ የእድራችን ዳኛ፣ ጸሐፊና አባላት በሙሉ ልባዊ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት፣ ከእድሩ ጋር የነበረኝ ግንኙነት የሻከረ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት ቀብር ላይ ባለመገኘቴ ቅጣት ሲጣልብኝ፣ ሐዘን በስም ጥሪ እንደማይለካ በስብሰባ መካከል ተናግሬ ከአባልነት ወጣሁ። ቡና ጠርታችሁኝ የቀረሁባቸው ቀኖችም ከመጣሁባቸው ይበልጣሉ። የእናቴ ወርኃዊ መዋጮ ግን ተቋርጦ አያውቅም።

በ2017 ዓ.ም. ሰፈራችን ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ እኛ ግንፍሌ ቤት ተከራየን፤ አብዛኞቻችሁ ገላን ጉራ ገባችሁ። ጥሩምባ የሚነፋበት ሰፈር ስለሌለ ጸሐፊው ሌሊቱን ስልክ ሲደውሉ አደሩ፤ እናንተም ድንኳኑን፣ አግዳሚውንና ድስቱን በአይሱዙ ጭናችሁ ሳይነጋ ደረሳችሁ። ንፍሮው ሲቀቀል እኔ ገና ከሆስፒታል አልተመለስኩም ነበር።

በሁለተኛው ሌሊት ብቻዬን ማደር እንደምፈልግ ስናገር ሐዘንተኛ ብቻውን አያድርም ተባልኩ፤ የጠበቅሁትም ይህንኑ ነበር። ሆኖም ከእናቴ ጋር ከሠላሳ ዓመት በላይ ቡና የተጣጡት እናት ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣ «በሩን ዝጊው ልጄ፤ እኛ ድንኳኑ ውስጥ ነን» አሉኝ። ከመስኮቱ ውጭ ሳላችሁንና ዝቅ ያለ ወሬያችሁን እየሰማሁ፣ በሰው ፊት እንቢ ያለኝ እንባ ያን ሌሊት መጣልኝ። ሲነጋ ስለ ሌሊቱ ማንም አልጠየቀኝም። ከሁሉ አብልጬ የማመሰግናችሁ ስለዚህ ነው።

ስለ ቅጣቱ ያለኝን አስተያየት አልለወጥኩም፤ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባም እናገረዋለሁ። ለመናገር ግን አባል መሆን ስለሚያስፈልግ፣ በእናቴ ቦታ እንድመዘገብ ለጸሐፊው ማመልከቻ አስገብቻለሁ። አርባቸው፣ ራሳቸው በሕይወት ሳሉ እንዳዘዙኝ፣ ያለ ድግስ በጸሎት ብቻ ይታሰባል፤ ይህ ቅር የሚያሰኛችሁ ካላችሁ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

እኔ ዘንድ የቀሩትን ሁለት ድስቶችና ጭልፋውን የፊታችን እሑድ ገላን ጉራ ድረስ ይዤ እመጣለሁ። ቡናውንም ጠጥቼ እመለሳለሁ።

ልጃቸው፣ ከግንፍሌ፣ አዲስ አበባ