የሮም የቤተሰብ ጉዞን ይመለከታል

ለተከበራችሁ አባላት፣

በጥቅምቱ የትምህርት ዕረፍት ከልጆቻችን ጋር ለምናደርገው የሮም ጉብኝት የየቤተሰባችሁን ተጓዦች ስም እስከ እሑድ ማታ እንድትልኩልን በአክብሮት እንጠይቃለን። የኮሎሲየም ትኬት በስም የሚቆረጥና በመግቢያው ላይ ከመታወቂያ ጋር የሚመሳከር በመሆኑ፣ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በነጻ ቢገቡም የእነሱም ስም በፓስፖርታቸው ላይ እንደሰፈረው ይጻፍ።

የምንገናኘው ቅዳሜ ከጠዋቱ 2፡30 በቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ነው። ከኮሎሲየም በኋላ በእግር ወደ ፖርታ ካፔና አደባባይ እንሄዳለን፤ የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. ከ1937 እስከ 2003 ቆሞ የነበረው በዚያ በመሆኑ፣ እንደ እኔ አስተያየት ልጆቹ ከሁሉ አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባ ስፍራ ነው። ለቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይያዝ።

የመጨረሻውን ቀን በፍሎረንስ ወይስ በቬኒስ እንደምናሳልፍም ምርጫችሁን አብራችሁ አሳውቁን፤ በፈጣን ባቡር የመጀመሪያዋ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል፣ ሁለተኛዋ አራት ሰዓት ያህል ትወስዳለች።