አባባ፣ የቶዮታ ሥሩ ሽመና ነው

ውድ አባባ፣

እንደምን ከረሙ? ወገብዎ ተሻለዎት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው በስልክ «ያለህበት አገር ምን ይመስላል?» ብለው ሲጠይቁኝ መስመሩ ተቋረጠ። ዛሬ ረጋ ብዬ ልጻፍልዎት።

ያለሁት አይቺ የሚባል ክፍለ ሀገር ነው። ዋና ከተማው ናጎያ ይባላል። የሕዝቡ ብዛት 7.5 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ በጃፓን ከቶኪዮ፣ ከካናጋዋና ከኦሳካ ቀጥሎ 4ኛ መሆኑ ነው። ስፋቱ ግን 5,170 ካሬ ኪሎ ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። ሰሜን ምሥራቁ ተራራና ደን ስለሆነ ሰዉ ወደ ሜዳው፣ ወደ ኪሶ ወንዝና ወደ ባሕሩ ተጠጋግቶ ይኖራል። ደቡብ ላይ አጹሚ የሚባል ወደ ባሕር የገባ መሬት አለ። ድሮ ውኃ አጥሮት የሚቸገር አገር ነበር። በ1968 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልዎት) የመስኖ ቦዩ ካለቀ ወዲህ ግን ጎመንና አበባ የሚታፈስበት ሆኗል።

አይቺ ሲባል መቼም ቶዮታ ነው የሚነሳው። ሽሮ ሜዳ የሚወጣው ሚኒባስ ሁሉ ስሙን የያዘው ከዚህ ነው። ቶዮታ የሚባል ከተማም አለ። ኮሮሞ ነበር ስሙ፤ ድሮ በሐር ንግድ የሚታወቅ ከተማ ነው። በ1959 በፋብሪካው ስም ተጠራ።

አሁን ልነግርዎት የፈለግኩት ነገር ላይ ደረስኩ። መኪናው የመጣው ከሽመና ነው፣ አባባ!

ሳኪቺ ቶዮዳ የሚባል ሰው ነበር። የአናጢ ልጅ ነው፤ የተወለደው ከአይቺ ድንበር ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። በመጀመሪያ የሠራው የእንጨት መሸመኛ ነበር፤ ፈጠራውን በ1891 በስሙ አስመዘገበ። ከዚያ ዕድሜውን ሙሉ መሸመኛ ሲያሻሽል ኖረ። የመኪናውን ድርጅት ያቋቋመው ልጁ ኪይቺሮ ነው፤ በ1937።

ናጎያ ውስጥ የድሮው ፋብሪካቸው ሙዚየም ሆኗል። ባለፈው ቅዳሜ ሄድኩ። የሳኪቺን የ1924 መሸመኛ ማሽን አስነሡልን። ጩኸቱ ጆሮ ይበጥሳል። መወርወሪያው ዓይን አይከተለውም። ማጉ ሲያልቅ ማሽኑ ሳይቆም በሌላ መወርወሪያ ይተካል። እያንዳንዱ የድር ክር ቀጭን ብረት አንጠልጥሏል። አስጎብኚዋ አንዷን ክር በጠሰችው። ብረቷ ወደቀች፤ ማሽኑ ቀጥ አለ።

እርስዎ ትዝ አሉኝ። መብራት በጠፋበት ምሽት ጉድጓዱ ውስጥ ቁጭ ብለው፣ ድሩን በጣትዎ ዳብሰው «ተበጥሳለች» ይሉ ነበር። እኔ ኩራዝ ይዤ ስመጣ እርስዎ ቋጥረው ጨርሰዋል። ያ ሰውዬ ዕድሜውን የፈጀው የእርስዎን ጣት ከብረት ለመሥራት ነው። ልጅ ሆኜ ሥራዎን ሲንቁብን አንገቴን እደፋ ነበር። አሁን እዚህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ «አባቴ ሸማኔ ነው» እላለሁ። ቀና ብለው ያዩኛል።

የክፍለ ሀገሩ ምልክት የሆነው አበባ ውኃ ዳር የሚበቅል፣ ሐምራዊ የሆነ ነው። ካሪያ በሚባል ከተማ ኩሬ ላይ በግንቦት ይፈነዳል። የመሸመኛ ማሽን ፋብሪካው በ1926 የተቋቋመውም እዚያው ካሪያ ነው። ወፋቸው ደግሞ ትንሽ ጉጉት ናት። እኛ ጋ ጉጉት ስትጮህ እማማ ታማትባለች። እነሱ ግን በተራራው ላይ ስትጮህ የቡድሃን ስም የምትጠራ ይመስላቸዋል። ባንዲራቸው ላይ ያለው ምልክት የክፍለ ሀገሩ ስም ነው፤ ፊደሎቹን አጣምመው የምትወጣ ፀሐይና ማዕበል አስመስለዋቸዋል። ለእኔ ግን ጥለት ነው የሚመስለኝ።

ኢቺኖሚያ የሚባል የሱፍ ጨርቅ ከተማም እዚሁ አለ። ከዚያ ለኮት የሚሆን ጨርቅ ገዝቼልዎታለሁ፤ ወደ አገር ቤት በሚመጣ ሰው እልካለሁ። ለልብስ ሰፊው ከመስጠትዎ በፊት ግን ዓይንዎን ጨፍነው በጣትዎ ይዳብሱትና ሥራው እንዴት እንደሆነ ይንገሩኝ።

ልጅዎ